«ከማን አመጣው?»
ስለ ጽንስ፣ ስለ ቡናና ስለ አንዲት ፊደል መለወጥ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)



የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡ፣ በሰርቦና በሰቃ የምትገኙ ወንድሞችና እህቶች፣ እንዲሁም ከሌሎች የሀገራችን ክፍሎች የምትከታተሉን ሁሉ፤ ዛሬ የምንነጋገረው ልጅ በተወለደበት ቤት ሁሉ ስለሚነሳ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው «ከማን አመጣው?» የሚል ነው።

ልጁ ዓይኑ የአያቱን ከመሰለ ጥያቄው የደስታ ነው። ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ አንዷ አፍንጫውን ለአጎቱ፣ ሌላዋ ግንባሩን ለአያቱ ስትሰጥ ይዋላል። ልጁ ከሁለቱም ወገን ያልታየ ነገር ይዞ ሲወለድ ግን፣ ለምሳሌ እጅና እግሩ ያለ ልክ አጥሮ፣ ወይም ግማሽ ፊቱን የሸፈነ ቀይ ምልክት ይዞ፣ ወይም ሐኪሞች ዳውን ሲንድረም የሚሉት ሁኔታ ሲታይበት፣ ያው ጥያቄ ክስ ይሆናል። «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ይባላል። ክሱም ዘወትር ማለት ይቻላል የሚያርፈው በእናቲቱ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ትዳር ሲፈርስ፣ አራስ ሴት ወደ ወላጆቿ ቤት ስትመለስ፣ ልጁም ከእንግዳ ዓይን ተደብቆ በጓዳ ሲያድግ እናያለን።

መልሱን አስቀድመን እንናገር። ብዙ ጊዜ ልጁ ያንን ነገር ከማንም አላመጣውም። ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ህዋስ ውስጥ፣ ጽሑፏ ሲገለበጥ በተፈጠረ ለውጥ ነው። ለውጡ የተፈጠረው መቼ ነው የሚለው ደግሞ ብዙውን ነገር ይወስነዋል።

ይህን ለመረዳት ከላብራቶሪ ሳይሆን ከመድረሳ ብንጀምር ይቀለናል። ማተሚያ ቤት ባልተስፋፋበት ዘመን ደረሶች ኪታብ የሚያገኙት በገዛ እጃቸው ገልብጠው ነበር። እንግዲህ አንድ ሼኽ ዘንድ አንድ ኪታብ አለ እንበል። ሁለት ደረሶች ገለበጡት። ከእነዚህ ከሁለቱ ቅጂዎች ሌሎች አራት ደረሶች፣ ከአራቱም ስምንት ገለበጡ። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረሶች አንደኛው አንዲት ነጥብ ቢሳሳት፣ ከእርሱ ቅጂና ከቅጂው ቅጂ የገለበጡት ሁሉ ያቺኑ ስህተት ይወርሳሉ። ከሁለተኛው ደረሳ የወሰዱት ግን ንጹሕ ናቸው። በአምስተኛው ዙር የሚገለብጥ ደረሳ ያንኑ ስህተት ቢሠራ ደግሞ ስህተቱ የሚደርሰው ከእርሱ ለሚወስዱ ጥቂቶች ብቻ ነው። በሁለቱም ጊዜ የተሳሳተችው ነጥብ አንዲት ናት፤ ስፋቷን የወሰነው ጊዜው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ኪታቦችን የሚያመሳክር ብልህ ዓሊም ስህተቶቹን ብቻ አይቶ የትኛው ቅጂ ከየትኛው እንደተገለበጠ ሊያውቅ ይችላል። ይህችን ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

የሰው አካልም የሚሠራው በመገልበጥ ነው። ሁላችንም ስንጀምር አንድ ህዋስ ነበርን፤ የእናት እንቁላልና የአባት ዘር ተገናኝተው የሆኑት አንድ ህዋስ። በዚያ ህዋስ ውስጥ የአካላችን መመሪያ በአራት ዓይነት ፊደላት ብቻ ተጽፎ ይገኛል፤ ከእናት 3 ቢሊዮን ያህል፣ ከአባትም 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል። ጽሑፉ ዲኤንኤ ይባላል። ጽሑፉ የተጠቀለለባቸው 46 ጥቅልሎች ክሮሞዞም ይባላሉ። ለአንድ ሥራ መመሪያ የሚሰጠው አንቀጽ ደግሞ ዘረመል ነው። (ሐኪሞቹ «ጂን» ይሉታል። እኛ ግን ይህን ቃል በሬዲዮ ብንደጋግመው በየቤቱ አዑዙ ቢላህ የሚሉብን እናቶች ስለሚበዙ ዘረመል ማለቱን መርጠናል።)

ህዋሱ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ይህን 6 ቢሊዮን ፊደል አንድ በአንድ ይገለብጣል። ገልባጩ እጅግ ጥንቁቅ ነው፤ ሲሳሳት ወደ ኋላ ተመልሶ ራሱን ያርማል። ከእርሱ ያመለጠውን የሚፈትሹ ሌሎች አራሚዎችም ከኋላው ይከተላሉ። ከዚህ ሁሉ አልፎ የሚቀረው ስህተት ከ1 ቢሊዮን ፊደል አንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ሱብሓነላህ! እንዲህ ያለ እርማት ያለው ማተሚያ ቤት የትም አይገኝም። ይሁንና ጽሑፉ ረጅም ነውና ጥቂት ስህተት ማለፉ አይቀርም። በጽንስ የመጀመሪያ ክፍፍሎች ላይ በአንድ ህዋስ በአማካይ ወደ 3 የሚጠጉ አዳዲስ ለውጦች እንደሚቀሩ ተለክቷል። ሳይንቲስቶች ሚውቴሽን የሚሉት ይህንን ነው። አብዛኛው ለውጥ ምንም ጉዳት የለውም፤ ምንም ትእዛዝ በሌለበት የጽሑፉ ክፍል ላይ ያርፋል፤ ወይም ቃሉ ቢለወጥም ትርጉሙ ሳይለወጥ ይቀራል። ይህን የምትሰሙ ሁሉ በእናትና በአባታችሁ ደም ውስጥ የማይገኙ ከ60 እስከ 70 የሚሆኑ አዳዲስ ለውጦች ይዛችሁ ነው የተወለዳችሁት። ጎረቤት «ከማን አመጣው» ያላላችሁ ስለማይታዩ ብቻ ነው።

ኑጥፋ፣ ዐለቃ፣ ሙድጋ የሚሉትን ቃላት ከኡስታዞቻችን እየሰማን ያደግን ስለሆንን ጽንስ በደረጃ እንደሚያልፍ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። በእነዚያ ደረጃዎች ውስጥ የሚካሄደው የመገልበጥ ሥራ ግን ለዓይን የተሰወረ ነው። ከተጸነሰ አንድ ቀን ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ህዋሱ 2 ይሆናል። በ3ኛው ቀን 8 ገደማ ይደርሳል። በ5ኛውና በ6ኛው ቀን ከ100 በላይ ህዋሳት ያሉባት ውስጧ ክፍት የሆነ ትንሽ ኳስ ይሆናል። ከእነዚህም ውስጥ ልጁን የሚሠሩት በአንድ ጎን የተሰበሰቡት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፤ ዙሪያውን የያዙት እንግዴ ልጅ ይሆናሉ። በዚህ ምክንያት ለውጡ በእንግዴ ልጁ ውስጥ ብቻ ተገኝቶ ልጁ ፍጹም ንጹሕ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ቅድም ያዙልን ያልናችሁ የብልሁ ዓሊም ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት የ241 ሰዎችን ደም መርምሮ ነበር። ተመራማሪዎቹ ኪታብ እንደሚያመሳክር ሰው በደሙ ውስጥ ያሉትን ጥንታዊ የግልበጣ ስህተቶች እየቆጠሩ እስከ መጀመሪያዎቹ ሁለት ህዋሳት ድረስ ወደ ኋላ ተጓዙ። ያገኙት ነገር ሁለቱ ህዋሳት ለአካላችን እኩል ድርሻ እንደሌላቸው ነው፤ ልዩነቱ ሁለት ለአንድ ያህል ነው። ማንም ሰው የራሱን ጽንስ ሊያይ አይችልም። ጎልማሳ ሆኖ ከክንዱ በተቀዳ ደም ግን የመጀመሪያዋ ቀን ታሪክ ተነበበ።

አሁን ደግሞ ከማህፀን ወጣ ብለን ወደ ቡና ማሳችን እንግባ፤ እዚያ የተሰወረውን ነገር በግላጭ እናየዋለንና።

በማሳ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ በሆነ የቡና ዛፍ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ቅጠሉ ነጭና አረንጓዴ ዝንጉርጉር ሆኖ ይገኛል። ቅርንጫፉ ገና ለጋ ጫፍ በነበረበት ጊዜ አንዲት ህዋስ አረንጓዴውን ቀለም እንዳትሠራ የሚያደርጋት ለውጥ ደርሶባት፣ ከእርሷ የተባዙት ሁሉ ያንኑ ወርሰው ነው። ግንዱና ሌሎቹ ቅርንጫፎች ምንም የላቸውም። ለውጡ የደረሰው ችግኙ ገና ዘር ውስጥ ሳለ፣ በመጀመሪያዎቹ ክፍፍሎች ላይ ቢሆን ኖሮ የዛፉ አንድ ጎን ሁሉ ይዘነጎረጎር ነበር። ዛፉ የበቀለባት ፍሬ ስትፀነስ ቀድሞ ቢኖር ደግሞ ከሥር እስከ ጫፍ በሁሉም ህዋስ ውስጥ ይገኝ ነበር።

የጎማና የጌራ ገበሬዎች 74110፣ 74112፣ 74165 የሚሉትን ቁጥሮች እንደ ልጆቻቸው ስም ያውቋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በሀገራችን መታየቱ ከታወቀ በኋላ፣ በሽታው ያልጣላቸውን ዛፎች በየደኑና በየማሳው እየዞሩ ከመረጡ ባለሙያዎች ሥራ የተገኙ ናቸው። በቁጥሩ መጀመሪያ ያለው 74 ምርጫው የተደረገበትን ዓመት ያመለክታል። እነዚህ ዓይነቶች ከእናት ዛፍ ወደ ችግኝ፣ ከችግኝ ወደ ልጅ ልጅ ጠባያቸውን ይዘው የሚሄዱት መቋቋሙ በመላው ዛፍ ውስጥ ስላለ ነው። የሀገራችን ቡና ደግሞ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ነው። መቋቋሙ በአንድ ቅርንጫፍ ብቻ የበቀለ ለውጥ ቢሆን ኖሮ ከሌላው ቅርንጫፍ ፍሬ የለቀመ ገበሬ ባዶ እጁን ይቀር ነበር።

ይበልጥ የሚገርመው ግን የሦስቱ ዛፎች ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የላከው ቡድን ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያና ከሌሎች ቦታዎች የቡና ዘር ሰብስቦ ነበር። ከዚያ ስብስብ የተወሰደው ዘር ወደ ኮስታሪካ፣ ከኮስታሪካም ወደ ብራዚል ተሻግሮ ተተከለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ዘር ከበቀሉ ብዙ ዛፎች መካከል ፍሬያቸው ካፌይን የለውም በሚባልበት ደረጃ የሆነ ሦስት ዛፎች ማግኘታቸውን ኔቸር በተባለው መጽሔት አስታወቁ። በተለመደው ቡና ውስጥ ከአንድ ግራም ፍሬ 12 ሚሊግራም ያህል ካፌይን ሲገኝ፣ በእነዚህ ግን 1 ሚሊግራም እንኳ አልሞላም። ካፌይን በደረጃ የሚሠራ ነገር ነው፤ በእነዚህ ዛፎች ውስጥ ሥራው መጨረሻው ደረጃ ላይ ሲደርስ ይቆምና ቴኦብሮሚን የተባለው ያላለቀ ነገር ይጠራቀማል። መጨረሻውን ሥራ የሚሠራው ዘረመል ሥራውን አይሠራም ማለት ነው። ከሺህ ማይል ርቆ የተገኘው ይህ ለውጥ ከኛው ቡና ዘር ውስጥ ተደብቆ የኖረ ነበር። (ሀገራችን ከዚህ ምን ድርሻ አላት የሚለው ሙግት በጊዜው ተነስቶ ነበር። በእኛ እምነት ተገቢ ሙግት ነው፤ ግን የዛሬ ርእሳችን አይደለም።)

ለእኛ የሚጠቅመን ነገር ይህ ነው፦ በእነዚያ ሦስት ዛፎች ለውጡ የተገኘው በቅጠሉም በፍሬውም ነው። እንግዲያው ለውጡ ዛፉ ካደገ በኋላ በአንድ ቅርንጫፍ የመጣ ሳይሆን ዛፉ አንድ ህዋስ በነበረበት ጊዜ ቀድሞ የነበረ ነው።

በመልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ደግሞ ይህንን ጉዳይ ከሌላ በኩል ያውቁታል። ማዕከሉ አባቡና፣ መልኮ ሲኤች 2 እና ጋዌ የተባሉ ድቅል ቡናዎች አውጥቷል። ድቅል ቡና ከፍሬው መልሶ ቢዘራ ልጆቹ እርስ በርስ አይመሳሰሉም። ስለዚህ እናቱን የሚመስል ችግኝ ለማብዛት አንዱ መንገድ ከቅጠሉ ቁራጭ ወስዶ በብልቃጥ ውስጥ ህዋሳቱን አባዝቶ ጽንስ የመሰለ ቡቃያ ማውጣት ነው። እዚያ ላይ የታወቀ አንድ ሕግ አለ፤ ህዋሳቱ በብልቃጡ ውስጥ ረጅም ጊዜ በተባዙ ቁጥር ከእናታቸው የተለዩ ችግኞች ይበዛሉ። የግልበጣ ዙር በበዛ ቁጥር ስህተት ይበዛል። ይህን ነገር አስታውሱት፤ ወደ አባቶች ስንመጣ እንፈልገዋለን።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። ከህዋስ ወደ ህዋስ የሚተላለፈው ሁሉ የፊደል ለውጥ አይደለም። ከቡና ዛፍ የጎን ቅርንጫፍ ቁርጥራጭ ወስዳችሁ ብታጸድቁት ወደ ጎን እየተንሰራፋ ያድጋል እንጂ እንደ ግንዱ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ፊደሉ ከግንዱ ፊደል ጋር አንድ ነው። የተላለፈው «እኔ የጎን ቅርንጫፍ ነኝ» የሚል ትዝታ ነው። በሰውም የጉበት ህዋስ ጉበትን፣ የቆዳ ህዋስ ቆዳን የሚወልደው በእንዲህ ያለ ትዝታ ነው።

በቡናና በሰው መካከል ያለውን ልዩነትም ልብ በሉ። ቡና አበባውን የሚያወጣው ከቅርንጫፉ ስለሆነ ቅርንጫፉ ላይ የመጣ ለውጥ ወደ ፍሬው ሊገባ ይችላል። በሰው ግን ወደፊት እንቁላል ወይም የወንድ ዘር የሚሆኑት ህዋሳት ገና በሦስተኛው ሳምንት ገደማ፣ እናቲቱ ማርገዟን እንኳ በቅጡ ሳታውቅ፣ ከሌሎቹ ተለይተው ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ በእጅ ወይም በፊት ላይ የሚደርስ ለውጥ ወደ ልጅ አይሻገርም።

እንግዲህ ወደ ሰው ተመለስን። ሁሉም ህዋሱ አንድ ዓይነት ያልሆነ፣ ከፊሉ ለውጡን የያዘ ከፊሉ ያልያዘ አካል ሐኪሞች ሞዛይክ ይሉታል። እኛ ዝንጉርጉር እንበለው። አንዳንዱ ዝንጉርጉርነት በዓይን ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1901 ብላሽኮ የተባለ ጀርመናዊ የቆዳ ሐኪም በብዙ ሕመምተኞቹ ላይ የሚታዩ መስመሮችን በሥዕል አስቀመጠ፤ በጀርባ ላይ ወደ ታች የሚሾሉ፣ በጎን ላይ የሚጠማዘዙ መስመሮች ናቸው። የደም ሥርም የነርቭም መንገድ አይደሉም። በጽንስ ጊዜ የቆዳ ህዋሳት እየተባዙ የተጓዙበት ዱካ ናቸው፤ ለውጥ ያለባት አንዲት ህዋስ ልጆቿን እየወለደች ያለፈችበትን መንገድ ቆዳው ላይ ጽፋ ትቷለች ማለት ነው። በግማሽ ፊት ላይ የሚወጣውና ሰው «እናቱ ስታረግዝ እንዲህ ያለ ነገር አምሯት ነው» የሚለው ወይን ጠጅ መሳይ ቀይ ምልክትም በአብዛኛው እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ምክንያቱ በአንዲት ፊደል ላይ የደረሰ ለውጥ ሆኖ ተገኝቷል፤ ለውጡም ያለው በምልክቱ ቦታ እንጂ በሌላው የልጁ አካል አይደለም። እናቲቱ ያማራት ነገር ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ዳውን ሲንድረምንም እንውሰድ። አንድ ተጨማሪ 21ኛ ክሮሞዞም በመኖሩ የሚመጣ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በአብዛኛው ትርፉ ጥቅልል የሚገባው እንቁላሏ ስትሠራ ነው፤ ስለዚህ በልጁ ህዋሳት ሁሉ ውስጥ ይገኛል። ከ100 ልጆች ወደ 2 በሚሆኑት ላይ ግን ህዋሳቱ ከፊሎቹ 47፣ ከፊሎቹ 46 ክሮሞዞም ይዘው ይገኛሉ። እነዚህ ዝንጉርጉር ናቸው፤ ምልክታቸውም አንዳንዴ ይቀልላል። ከአንድ እንቁላል ለሁለት የተከፈሉ መንትዮችስ? «ልክ አንድ ናቸው» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2021 በአይስላንድ የተደረገ ጥናት ግን በመጀመሪያዎቹ የጽንስ ቀናት በተፈጠሩ ለውጦች በአማካይ በ5 ያህል ፊደል እንደሚለያዩ አሳይቷል።

ከዚህ በኋላ የምንናገረው ለቤተሰብ በጣም የሚያሳስበው ነው።

ለውጡ በአባት ወይም በእናት አካል ውስጥ ገና እነርሱ ራሳቸው ጽንስ ሳሉ ደርሶ፣ ከፊሎቹን የዘር ህዋሳት ብቻ የያዘ ሊሆን ይችላል። ሰውየው ፍጹም ጤነኛ ነው። ደሙ ቢመረመር ምንም አይገኝም። ነገር ግን ከእንቁላሎቹ ወይም ከወንዱ ዘር ጥቂቶቹ ለውጡን ይዘዋል። ስለዚህ ጤነኞች ባልና ሚስት አንድ የታመመ ልጅ ወልደው «አዲስ ለውጥ ነው፤ አይደገምም» ተብለው ሁለተኛው ልጅ እንደ መጀመሪያው ሊሆን ይችላል። አጥንት በቀላሉ የሚሰበርበት በሽታና ዱሼን የተባለው የጡንቻ መድከም እንዲህ ተደግመው ከታዩት ውስጥ ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር ሲደገም በሰፈሩ ውስጥ «እርግማን» የሚለው ቃል ይበረታል። ቤተሰቡም ጥሪቱን ይዞ ወደ ቃልቻ ደጅ ይሄዳል። ምክንያቱ ግን እንደ ዝንጉርጉሩ ቅርንጫፍ ነው፤ ከዚያ ቅርንጫፍ ሁለት ፍሬ ተለቀመ። በጠቅላላው ሲታይ የመደገም ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ሐኪሞች በአብዛኛው ከ100 አንድ ወይም ሁለት ብለው ያሰላሉ። ትንሽ ነው ማለት ግን የለም ማለት አይደለም፤ ለወላጆች በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል።

አሁን ወደ አባቶች እንምጣ። ሴት ልጅ እንቁላሎቿን የምትይዘው ገና ሳትወለድ ነው። ወንድ ግን ከጉርምስናው ጀምሮ ዘሩን ያለማቋረጥ ይሠራል፤ ምንጭ የሆኑት ህዋሳት በዓመት ከ20 ጊዜ በላይ ይገለበጣሉ። የብልቃጡን ነገር አስታወሳችሁ? ዙር በበዛ ቁጥር ስህተት ይበዛል። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ተመርምረው እንደታየው በልጅ ላይ ከሚገኙት አዳዲስ የፊደል ለውጦች ከ5 ወደ 4 የሚሆኑት ከአባት በኩል የመጡ ናቸው። የአባት ዕድሜ በአንድ ዓመት ሲጨምር አንድ ተኩል ያህል አዲስ ለውጥ ይጨመራል፤ ከእናት በኩል የሚጨመረው ከግማሽ ያነሰ ነው። እጅና እግር አጥሮ የሚወለድበትን ሁኔታ ብንወስድ፣ ከ100 ልጆች ከ80 በላይ የሚሆኑት ቁመታቸው የተለመደ ወላጆች ያሏቸው ናቸው፤ ለውጡም አንዲት ፊደል ሆና በአብዛኛው ከአባት ዘር የምትመጣ ናት። የክሮሞዞም ትርፍ ግን፣ እንደ ዳውን ሲንድረም ያለው፣ በእናት ዕድሜ ይጨምራል። ይህን የምንለው ክሱን ከእናት አንስተን በአባት ላይ ለመጫን አይደለም። ማንም ዘሩ ሲገለበጥ ተቀምጦ ሊቆጣጠር አይችልም። «በእኛ ዘር የለም» ብሎ ለፍቺ የሚነሳ ባል ግን ይህን ቁጥር ቢሰማው መልካም ነው እንላለን።

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ የታወቀ ታሪክ አለ። አንድ የገጠር ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥቶ ሚስቱ ጥቁር ልጅ እንደወለደች ተናገረ፤ አነጋገሩ ጥርጣሬ ያዘለ ነበር። እርሳቸው (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ሴቲቱ ሳይሆን ስለ ግመሎቹ ጠየቁት። ግመሎቹ ቀይ መሆናቸውን፣ በመካከላቸው ግን ቀለሙ ወደ ዳማ ያደላ እንዳለም ተናገረ። ያ ከየት መጣ ሲባል ምናልባት ከቀደመ ዘር ስቦት ይሆናል አለ። ልጁም እንዲሁ ሊሆን እንደሚችል ተነገረው፤ ልጁን እንዲክድም አልተፈቀደለትም። ታሪኩ የሚናገረው ከአያት ቅድመ አያት ስለሚሳብ ነገር ነው፤ እኛ ዛሬ የያዝነው ደግሞ አዲስ ስለሚፈጠር ለውጥ ነው። ሐዲሱን የላብራቶሪ ሪፖርት የማድረግ ፍላጎትም የለንም፤ እንዲያ የሚያደርጉ ጽሑፎች በዝተውብናል። ለባሏ የተሰጠው መልስ ግን በእኛ ጉዳይ ላይም መልስ ነው፤ ልጅ አልመሰለም ተብሎ እናት አትጠረጠርም።

ከቀደመ ዘር ስለሚሳበው ካነሳን፣ ቆዳቸውና ፀጉራቸው ነጭ ሆነው የሚወለዱት ልጆች በአብዛኛው የዚህ ምሳሌ ናቸው። ለዚያ ሁለት የተለወጡ ቅጂዎች፣ አንዱ ከእናት አንዱ ከአባት፣ መገናኘት አለባቸው። ወላጆቹ ሁለቱም ተሸካሚ ናቸው፤ ሁለቱም እኩል።

«ታዲያ ምን እናድርግ? ከምን እንጠንቀቅ?» የሚል ጥያቄ ሳይመጣብን አይቀርም። አብዛኛው ለውጥ ከመገልበጥ የሚመጣ ስለሆነ ማስቀረት አይቻልም። ጨረርና አንዳንድ ኬሚካሎች ግን ለውጡን ያበዛሉ፤ ነፍሰ ጡር ሴት ለራጅ ስትላክ ማርገዟን መናገር አለባት። በጅማ የጫት ጥያቄ እንደማይቀርልን እናውቃለን። በእርግዝና ጊዜ ጫት መቃም ክብደቱ ከዝቅተኛ ልጅ መወለድ ጋር ተያይዞ ታይቷል፤ ይህ ከፊደል ለውጥ የተለየ ጉዳት ነው፣ ቢሆንም ጉዳት ነው። ፎሊክ አሲድ ደግሞ በተለይ ልብ ይባልልን። ህዋስ ፊደሉን ሲገለብጥ ይህ ቫይታሚን ያስፈልገዋል። የጽንሱ አከርካሪና የአንጎል መስመር የሚዘጋው በ28ኛው ቀን ገደማ ነው፤ ብዙ ሴቶች ወደ ጤና ጣቢያ ከሚሄዱበት ጊዜ ቀድሞ። ስለዚህ 400 ማይክሮ ግራም የያዘውን እንክብል በየቀኑ መውሰድ የሚጀመረው ከማርገዝ በፊት ነው። አከርካሪው ክፍት ሆኖ የሚወለድ ልጅ በሀገራችን ብዙ ነው፤ ከእነዚህም ብዙው በዚህ እንክብል መከላከል የሚቻል ነበር።

ልጃችሁ የተለየ ሁኔታ ይዞ ተወልዶ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ወደ ሌላ ሪፈራል ሆስፒታል ስትሄዱ፣ የሁለቱንም ወገን የዘር ሐረግ እስከ አያቶች ድረስ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ የሞቱ ሕፃናትና የወረዱ ጽንሶች ካሉ እነርሱንም ጨምሩ። አባትየውም አብሮ ይሂድ፤ እናቲቱን ብቻዋን መላክ በሰፈር የተጀመረውን ክስ ሆስፒታል ድረስ ማድረስ ነው። ለሐኪሙም እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ፦ ነገሩ ከሁለታችን የወረሰው ነው ወይስ አዲስ የመጣ? በልጁ መላ አካል ነው ያለው ወይስ በከፊሉ? ሌላ ልጅ ብንወልድ የመደገም ዕድሉ ስንት ነው? ሐኪሙ «አይደገምም» ካለ ወላጆች ሳይታወቅ ዝንጉርጉር የሚሆኑበትን ሁኔታ አስቦ እንደሆነ በትሕትና ጠይቁት።

ጥያቄዎቻችሁን በተለመደው አድራሻችን ላኩልን፤ በሚቀጥለው ዝግጅታችን ኢንሻአላህ ከእነርሱ እንጀምራለን።